የተጀመረውን ትምህርት ስለ መፈጸም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፎ ወደ ደጋው ሲወጣ ቆሰበርን ያገኛል። ይህች ከተማ ዛሬ እንጅባራ የምትባለው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መቀመጫ ናት። ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚወርደውም መንገድ ከዋናው ጎዳና የሚለየው በዚሁ ነው። ቀድሞ ቆሰበር የምትታወቀው በብርዷ፥ በገበያዋና በአገው ፈረሰኞች ነበር፤ አሁን ግን የትምህርት ከተማ ደግሞ ሆናለች። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም በ2010 ዓ.ም. ተማሪዎችን ተቀብሎ ማስተማር ጀምሯል።

ዩኒቨርሲቲ በአንድ አገር በተከፈተ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰው ወደ ደጁ ይመጣል። አንደኛው ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጽሞ፥ ፈተናውን አልፎ፥ በመንግሥት ምደባ የሚመጣው ወጣት ነው። ለዚህ ወጣት መንገዱ የተጠረገ ስለ ሆነ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ እርሱ አንናገርም። ሁለተኛው ግን ዕድሜው የገፋ፥ ቤት የመሠረተ፥ በሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ምናልባት የአንደኛ ደረጃ መምህር፥ ምናልባት የወረዳ ጸሐፊ፥ ምናልባትም የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ይሆናል። ይህ ሰው ዲፕሎማ አለው፤ ወይም በሌላ ከተማ ዲግሪ ጀምሮ ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ በችግር፥ በሕመም፥ በሥራ ዝውውር ወይም በጦርነት ምክንያት አቋርጧል። የውጤቱ ወረቀት በሣጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። እንግዲህ ወደ ሬጅስትራር መስኮት ቀርቦ የሚጠይቀው ነገር አንድ ብቻ ነው። ይኸውም፥ «እስከ ዛሬ የተማርሁት ይቆጠርልኛልን፥ ወይስ እንደ ገና ከመጀመሪያው ልነሣ?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለጠያቂው ቀላል አይደለም። አራት ዓመት ለሃያ ዓመት ወጣት ጥቂት ነው፤ ለአርባ ዓመት የቤተሰብ አባት ግን የልጆቹ ቀለብና የልጆቹ የትምህርት ወጪ ነው። ለመንግሥትም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ አንዱን ትምህርት ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ማስተማር የመምህርን ድካምና የሕዝብን ገንዘብ በከንቱ ያስቀራልና። በሌላ ወገን ደግሞ ያልተማረውን ሰው እንደ ተማረ ቆጥሮ ዲግሪ መስጠት ከዚህ የከፋ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሥራ በያዘ ጊዜ የሚጎዱት በእርሱ እጅ የሚታከመው ሕመምተኛ፥ በእርሱ ፊት የሚቀመጠው ተማሪና ፋይሉን ለእርሱ የሚሰጠው ባለጉዳይ ናቸው። ስለዚህ ነገሩን በሁለቱም ወገን መመርመር ይገባል።

አስቀድመን ክሬዲት የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ እንናገር። ቃሉ የወጣው ማመን ከሚል የላቲን ግሥ ነው። በትምህርት ቤት ሲነገር ግን አንድ ተማሪ ለአንድ ትምህርት ያዋለው የሥራ ጊዜና ያገኘው ውጤት በቁጥር የሚታወቅበት መለኪያ ነው። በአሜሪካ አንድ ክሬዲት ማለት በአንድ መንፈቅ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት በክፍል መማርና ሁለት ሰዓት ያህል በግል ማጥናት ሲሆን፥ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት እንደ ልማዱ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል። በአውሮጳ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ተብሎ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱም ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ ሥራ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በክሬዲት ሰዓት ሲሠሩ ኖረው ኋላ የአውሮጳውን መለኪያ ደግሞ ጨምረውበታል።

ስለ ማዛወር በምሳሌ ብንናገር ነገሩ ይገለጣል። 120 ክሬዲት በሚጠይቅ ትምህርት አንድ ሰው በሌላ ቤት የተማረው 66 ክሬዲት ተመርምሮ ተቆጠረለት እንበል። ደግሞም በሥራና በግል ንባብ ያወቃቸውን አራት ትምህርቶች በፈተና አስመስክሮ 12 ክሬዲት አገኘ እንበል። የቀረው 42 ክሬዲት ነው። በየመንፈቁ 14 ክሬዲት ቢማር በሦስት መንፈቅ ይፈጽማል። ከመጀመሪያው ቢነሣ ግን በዚያው ፍጥነት ዘጠኝ መንፈቅ ያህል ይፈጅበት ነበር። እነሆ፥ በአንድ የመዝገብ ቤት ውሳኔ የአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት ዓመት ይተርፋል ወይም ይባክናል ማለት ነው።

ይህ አሠራር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ አባቶቻችን ጉባኤ ቤት ይመልከት። የጎጃም ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከአንድ ቅኔ ቤት ወደ ሌላው፥ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ፥ ከዋሸራ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ሲሻገር፥ አዲሱ መምህር «ከማን ዘንድ ተማርህ? እስከ የትስ ደረስህ?» ብለው ይጠይቁታል። ከዚያም ቅኔውን ያሰሙታል። ጉባኤ ቃና ላይ የቆመ እንደ ሆነ ከዚያ ይቀጥላል፤ ሥላሴ ወይም መወድስ የሚቀኝ እንደ ሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ ወዳለው ይሄዳል። ከሌላ መምህር ዘንድ በመምጣቱ ብቻ ወደ ፊደል የሚመልሰው የለም። የሰማው ተቆጥሮለታል፤ ያልሰማው ተለይቶ ታውቆለታል።

ከዚህም የበለጠ ምሳሌ አለን። ድጓ በብዙ ቤት ይነገራል፤ ነገር ግን በየትም ቤት የተማረው ሰው ትምህርቱን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ጎንደር፥ ለቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ እንደዚሁ የታወቁ ናቸው። የምስክሩ ቤት ሊቅ የሚጠይቀው ተማሪው ስንት ዓመት በየት እንደ ተቀመጠ አይደለም፤ ቃሉን፥ ዜማውንና ምልክቱን በትክክል መያዙን ነው። የያዘ ይመሰከርለታል፤ ያልያዘ ተቀምጦ ይማራል። እንግዲህ ዛሬ ክሬዲት ማዛወርና በፈተና ክሬዲት ማግኘት የሚባሉት ሁለቱ ነገሮች በእኛ ዘንድ የቆየ ሥርዓት ያላቸው ናቸው። የመጀመሪያው የየኔታ አቀባበል ነው፤ ሁለተኛው የቤተ ልሔም ምስክር ነው።

በውጭው ዓለም የሆነውንም በአውሮጳውያን አቆጣጠር በጥቂቱ እንመልከት። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1858 በአንድ የታወቀ ኮሌጅ ያልተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ለዲግሪው ፈተና እንዲቀመጡ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የሚኖሩ ሰዎች ከቤታቸው ሆነው እያጠኑ የለንደንን ዲግሪ ለማግኘት ቻሉ። በደቡብ አፍሪቃም ይህንኑ የመሰለ ሥርዓት ነበር። ኔልሰን ማንዴላ በ1939 ፎርት ሄር ኮሌጅ ገብተው ሲማሩ ቆይተው በ1940 በተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ ምክንያት በተነሣ ክርክር ትምህርታቸውን አቋረጡ። ወደ ዮሐንስበርግ ሄደው በአንድ የጠበቆች ቢሮ እየሠሩ በግላቸው አጠኑ፤ በ1942 መጨረሻ የደቡብ አፍሪቃ ዩኒቨርሲቲን ፈተና አለፉ፤ በ1943ም ወደ ፎርት ሄር ተመልሰው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ይህ የተቻለው ፎርት ሄር በዚያ ዘመን ተማሪዎቹን ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፈተና የሚያዘጋጅ ኮሌጅ ስለ ነበረ ነው። የተጀመረውና የተፈጸመው በአንድ መለኪያ የተመዘነ ስለ ሆነ መሐል ላይ የተቆረጠው ክር እንደ ገና ተቀጠለ።

በአሜሪካ ደግሞ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ባበቃ ጊዜ ከጦር ሜዳ የተመለሱት ወታደሮች በሠራዊቱ ውስጥ የተማሩት ሙያ እየተመረመረ በኮሌጅ እንዲቆጠርላቸው ሥርዓት ተበጀ። በ1967 የኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ማኅበር በየትም ስፍራ የተማረ ሰው ተፈትኖ ክሬዲት የሚያገኝበትን ክሌፕ የተባለውን ፈተና አቋቋመ። የዚህ ፈተና ውጤት ከ20 እስከ 80 ሲሆን፥ ብዙዎች ኮሌጆች 50 ያገኘውን ሰው ይቀበሉታል። ከ1971 እስከ 1973 ባለው ጊዜም በኒው ዮርክ፥ በኒው ጀርሲና በኮኔክቲከት ግዛቶች ዕድሜው የገፋ ሠራተኛ ከየቦታው የሰበሰበውን ክሬዲት አስቆጥሮ ዲግሪውን የሚፈጽምባቸው ተቋማት ተመሠረቱ። በዚያ አገር የሚኖሩ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ትምህርታቸውን አቋርጠው የሄዱ ወገኖቻችንም የውጤት ወረቀታቸውን ለመርማሪ ድርጅት እየሰጡ፥ እያንዳንዱ ኮርስ በአገሩ መለኪያ ተተርጉሞ፥ የቀራቸውን እየተማሩ ይፈጽማሉ።

አውሮጳውያን በ1989 የጋራ የክሬዲት መለኪያ ጀምረው በ1997 በሊዝቦን ከተማ ስለ ትምህርት ማስረጃ ዕውቅና ስምምነት አደረጉ። የዚህ ስምምነት ፍሬ ነገር፥ የአንዱ አገር ትምህርት በሌላው አገር ይታወቅ፤ የሚከለክል ግን በሁለቱ ትምህርቶች መካከል ታላቅ ልዩነት መኖሩን ከልካዩ ያስረዳ የሚል ነው። የአፍሪቃ መንግሥታትም በዚህ ዓይነት ታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. በእኛው ዋና ከተማ በአዲስ አበባ ተሰብስበው የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃን ስለ ማወቅ የተሻሻለውን የአፍሪቃ ስምምነት አጸደቁ፤ ስምምነቱም ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሆነ። ከአገር ወደ አገር የሚሻገረው ትምህርት እንዲህ ያለ አክብሮት ካገኘ፥ በአንድ አገር ውስጥ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የሚሻገረው ምን ያህል ሊከበር ይገባው ይሆን?

በአገራችንም ጅምሩ አለ። የጎጃም መምህራን በጋውን ሁሉ ሲያስተምሩ ከርመው ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ባሕር ዳርና ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እየሄዱ፥ ዲፕሎማቸው መሠረት ሆኖላቸው፥ ወደ ዲግሪ ሲሸጋገሩ ኖረዋል። በሙያ ሥልጠና በኩልም የብቃት ምዘና የሚባለው ሥርዓት አለ። አናጺው፥ ግንበኛው ወይም ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሙያውን በትምህርት ቤትም ይማረው፥ ከጌታው ሥር ሆኖ በሥራ ይልመደው፥ ተመዝኖ ብቁ ሆኖ ከተገኘ የምስክር ወረቀት ያገኛል። በጦርነቱም ዘመን፥ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም.፥ ከትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ ተማሪዎች ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እንዲመደቡ በተደረገ ጊዜ፥ የተማሪ መዝገብ በአንድ ስፍራ ብቻ መቀመጡ እንዴት ያለ ጭንቅ እንደሚያመጣ ሁሉም ተረድቶታል። ተማሪው አለ፤ ዕውቀቱም አለ፤ መዝገቡ ግን ሩቅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የለወጠው በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ነው። ይህ ፈተና ቀድሞ በሕግ ትምህርት ይሰጥ የነበረ ሲሆን፥ ከዚያ ዓመት ሐምሌ ወር ጀምሮ ግን በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሁሉ ይፈተነዋል፤ ለማለፍም ከ100 50 ማግኘት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ጊዜ ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ከመቶ 40 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛው፥ በመጨረሻው በር ላይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጠባቂ ስለ ቆመ፥ ተማሪው ትምህርቱን በየት ጀመረው ብሎ ከመጠን በላይ መስጋት የቀድሞውን ያህል ምክንያት የለውም። ሁለተኛው፥ ደካማ ትምህርት በቸርነት ቢቆጠርለት ተማሪውን የሚጠቅም አይደለም፤ ገንዘቡንና ጊዜውን ከጨረሰ በኋላ በመጨረሻው በር ላይ ይወድቃልና።

ክሬዲት ማዛወርን የሚፈሩ ሹማምንት ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ በአገራችን የታወቀ ደዌ ሆኗል። በአጭር ጊዜ ዲግሪ እናስገኛለን የሚሉ ደላሎችም አልጠፉም። ነገር ግን ሌባን በመፍራት በሩን ለእንግዳ ሁሉ መዝጋት የደግ ሰው ሥራ አይደለም፤ በሩ ላይ የሚጠይቅ ሰው ማቆም ይበቃል። የሚበቃውም ጥያቄ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፥ የውጤት ወረቀቱ ከመዝገብ ቤት ወደ መዝገብ ቤት በቀጥታ ይላክ እንጂ በተማሪው እጅ የመጣው ብቻ አይታመን። ሁለተኛ፥ የኮርሱ ስም ከኮርሱ ስም ጋር ሳይሆን ይዘቱ ከይዘቱ ጋር ይመዛዘን፤ በአንድ ስም ሁለት ልዩ ትምህርት፥ በሁለት ስምም አንድ ትምህርት ሊኖር ይችላልና። ሦስተኛ፥ ዝቅተኛ ውጤት የተገኘበት ወይም ዘመኑ ያለፈበት ትምህርት አይቆጠር፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተማረ የኮምፒዩተር ትምህርትና ከሃያ ዓመት በፊት የተማረ የግእዝ ሰዋስው እኩል አያረጁም። አራተኛ፥ ዲግሪ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ከትምህርቱ የተወሰነውን ክፍል፥ በተለይም የመጨረሻዎቹን ኮርሶች፥ በራሱ ቤት ያስተምር፤ በብዙ የአሜሪካ ተቋማት ይህ ልክ ከአራት አንዱ እጅ ያህል ነው። አምስተኛ፥ በወረቀት ፈተና ሊታወቅ የማይችለው፥ እንደ ላቦራቶሪ፥ እንደ ሕክምና ልምምድና እንደ ማስተማር ልምምድ ያለው፥ በፈተና ብቻ አይቆጠር። ሰውን ማስተማር የሚችል መሆኑ የሚታወቀው በክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር ነው።

እነዚህ ሁሉ ተሟልተው ሳለ ባለ ጉዳዩን «ሂድና ነገ ተመለስ» እያሉ ማመላለስ ግን ጥንቃቄ ሊባል አይገባውም። ሬጅስትራሩ ደንቡን በጽሑፍ ያውጣ፤ በሰሌዳ ይለጥፍ፤ ለእያንዳንዱ ማመልከቻ በተቆረጠ ቀን መልስ ይስጥ። እምቢ ሲልም የጎደለውን ኮርስ በስሙ ጠቅሶ ምክንያቱን ይጻፍ። ምክንያት የተጻፈለት ሰው ቢያዝንም የቀረውን አውቆ ይሄዳል፤ ምክንያት ያልተነገረው ሰው ግን ደላላ ፍለጋ ይወጣል።

ለካህናትና ለሊቃውንት የምንናገረው ልዩ ነገር አለ። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የግእዝ ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት ጀምሯል። ዐሥር ዓመት በቅኔ ቤት የተቀመጠ፥ አገባቡን የጠነቀቀ፥ መጻሕፍትን በትርጓሜ የሰማ ሰው ወደዚህ ትምህርት ቢገባ፥ ከግሥ ርባታ ጀምሮ እንደ ጀማሪ እንዲማር ይደረግ ይሆን? እንዲህ ከሆነ ሊቁም መምህሩም ያፍራሉ። ይልቁንም ዩኒቨርሲቲው ሊቃውንትን ጠርቶ ፈታኝ ቢያደርግ፥ በቃልና በጽሑፍ የተዘጋጀ ጽኑ ፈተና ቢያቆም፥ ያለፈውም የቋንቋው ኮርሶች ተቆጥረውለት ያልተማረውን፥ ማለት የምርምር ዘዴን፥ የቋንቋ ሳይንስንና የኮምፒዩተርን ትምህርት ብቻ ቢማር፥ ሁለቱ ቤቶች ይገናኛሉ። አዊ በጎጃም ምድር ያለ አገር ነው፤ የቅኔውም ምንጭ ሩቅ አይደለም። እንጅባራን የመሰለ ለጋ ዩኒቨርሲቲ ይህን የመሰለ ሥራ ቢጀምር ለታላላቆቹ ምሳሌ ይሆናል።

በመጨረሻም ትምህርቱን ያቋረጠውን ሰው እንመክራለን። የውጤት ወረቀትህን ብቻ ሳይሆን የኮርሶችህን ዝርዝር ይዘት ጠብቅ፤ መዛኙ የሚመለከተው እርሱን ነውና። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለብህ እንደ ሆነ ማስረጃህ እንዳይያዝብህ አስቀድመህ ጠይቅ። አዲሱ ተቋምና የምትማረው የትምህርት ዘርፍ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያላቸው መሆኑን ሳታረጋግጥ አትመዝገብ። ምን ያህል ክሬዲት እንደሚቆጠርልህ በጽሑፍ ሳትቀበል ገንዘብ አትክፈል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፥ ተቆጠረልኝ ብለህ የሄድህበት ቤት ያለህንም ሊያስጥልህ ይችላል። ከዚህ በኋላ ግን በርታ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን፥ ዛሬ ሦስት፥ ነገ አራት እየተባለ የሚሰበሰበውን ክሬዲት ያዩ ይመስላል።

በቆሰበር ደጋ የሚኖረው መምህር ማታ የተማሪዎቹን ደብተር አርሞ ከጨረሰ በኋላ ሣጥኑን ከፍቶ የቆየውን ወረቀት ቢያወጣ፥ በወረቀቱ ላይ ያለው የራሱ የሁለት ዓመት ድካም ነው። መንግሥት ያንን ድካም በሐሰት እንዲያበዛለት አይጠይቅም፤ መርምሮ በልኩ እንዲቆጥርለት ይጠይቃል። ይህም ከአንድ ሐቀኛ መዝገብ ቤትና ከአንድ ጽኑ ፈተና በላይ የሚያስፈልገው ነገር የለም።